የመጀመሪያ መጽሐፋችሁን በየት በኩል ታወጣላችሁ? ታሪካቸውን ሳይጠሉ ማሳተም ለሚፈልጉ የሀዋሳ ጸሐፊዎች የቀረበ ንጽጽር

ረቂቁ አልቋል እንበል። ላፕቶፕ ውስጥ ተቀምጧል፣ ወይም በደብተር ተጽፎ ገና የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት አልደረሰም። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ በየት በኩል ይውጣ የሚለው ነው። ሀዋሳ ቁጭ ብሎ ለሚጽፍ ሰው ደግሞ ጥያቄው ላይ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ይጨመርበታል፤ ትልልቆቹ ማተሚያ ቤቶች፣ አሳታሚዎችና አከፋፋዮች ያሉት አዲስ አበባ ነው።

ስለ ማሳተም ሲወራ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ስለ ገንዘብ ነው። ስንት ያስወጣል፣ ስንት ያስገባል። ገንዘቡን እኔም አነሳዋለሁ፣ ግን ሌላ ሚዛን አስቀድማለሁ፦ መጽሐፉ ታትሞ እጃችሁ ሲገባ ታሪካችሁን አሁንም ትወዱታላችሁ ወይ?

ይህን የምለው ለማባበል አይደለም። የመጀመሪያ መጽሐፉን የሚያወጣ ሰው ያንኑ ጽሑፍ በአርትዖት ያነበዋል፣ በፊደል ለቀማ ያነበዋል፣ በገጽ ቅንብር ያነበዋል፣ ናሙናው ሲመጣ እንደገና ያነበዋል። ከታተመ በኋላም ዋናው ሻጭ እሱ ራሱ ነው። የሰለቸውን ታሪክ ደግሞ ማንም ተጠንቅቆ አያርምም፣ ያፈረበትን መጽሐፍም ማንም ቦርሳው ውስጥ ይዞ አይዞርም። ስለዚህ ለታሪካችሁ ያላችሁ ፍቅር ሥራውን ዳር የምታደርሱበት ጉልበት ነው። አንዳንዱ መንገድ ይህን ጉልበት ይጨምራል፣ አንዳንዱ ደግሞ አሟጦ ይጨርሰዋል።

መንገድ ከመምረጣችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። አንድ ወረቀት ላይ ማንም ቢጠይቃችሁ የማትለውጧቸውን ነገሮች ጻፉ። «ልጅቷ መጨረሻ ላይ ወደ ይርጋለም አትመለስም።» «አያትየው የሚናገሩበት ዘዬ አይስተካከልም።» «ታሪኩ የሚጀምረው ከቀብሩ ነው።» ሦስት ወይም አራት ይበቃል፤ አሥራ አምስት ከሆነ ገና ለሰው ለማሳየት አልተዘጋጃችሁም። ከዚያ ውጭ ያለው ሁሉ ለድርድር ክፍት ይሁን። ይህች ወረቀት ከታች የምጠቅሳቸው መንገዶች ሁሉ ላይ ትጠቅማችኋለች፣ በተለይ አስተያየት ሲበዛና የራሳችሁ ሐሳብ የቱ እንደነበር ሲጠፋባችሁ።

አሳታሚ መፈለግ

እውነተኛ አሳታሚ የኅትመቱን ወጪ ራሱ ችሎ ለእናንተ ክፍያ ወይም ከሽያጩ ድርሻ የሚሰጥ ነው። እንዲህ ያለው በአገራችን ጥቂት ነው፣ ያለውም ቢሆን ስም ያለውን ደራሲ ያስቀድማል። በደርግ ዘመን ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት የሚባል የመንግሥት ተቋም ነበር፣ ረቂቅ ተቀብሎ፣ ገምግሞ፣ አርሞ የሚያሳትም። ዛሬ አብዛኛው የአማርኛ ልቦለድ የሚወጣው በደራሲው ኪስ ነው። ስለዚህ አሳታሚ ካላገኛችሁ ታሪኩ ደካማ ስለሆነ ነው ብላችሁ አትደምድሙ። በሩ ራሱ ጠባብ ነው።

የዚህ መንገድ ጥሩ ጎን ግልጽ ነው። ብድር ውስጥ አትገቡም፣ ማተሚያ ቤት ለማተሚያ ቤት አትዞሩም፣ አከፋፋዩም አሳታሚውን ስለሚያውቀው መጽሐፉ መደርደሪያ ላይ ቦታ ያገኛል። ከሀዋሳ ለሚጽፍ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ፍቅሩን የሚፈትነው ዝምታው ነው። ረቂቁን ትሰጣላችሁ፣ «እናየዋለን» ይባላል፣ ከዚያ ስልክ አይነሳም። ሁለት ወር ሲሞላ ሰው ረቂቁን ከፍቶ ስህተት መፈለግ ይጀምራል። አራት ወር ሲሞላ መጀመሪያውን ይቀይራል። ስድስት ወር ሲሞላ ማን እንደጻፈው እንኳ የማያስታውቅ ጽሑፍ ይዞ ይቀራል፣ ያውም አሳታሚው አንድ ቃል ሳይናገር። ስለዚህ ስትሰጡ ቀን ቁረጡ። እስከ እንትን ወር ድረስ መልስ ካልመጣ ወደ ሌላ መንገድ እሄዳለሁ በሉ፣ ለአሳታሚውም በትሕትና ንገሩት። እስከዚያ ድረስ ያንን ፋይል አትክፈቱት፤ ሌላ ታሪክ ጀምሩ።

መልስ ከመጣ ደግሞ ከክፍያው በፊት «አርታኢዬ ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ስም ከተነገራችሁና ያንን ሰው ማነጋገር ከተፈቀደላችሁ ጥሩ ምልክት ነው። «እኛ ጋ የሚያይ ሰው አለ» ከተባላችሁ ረቂቃችሁ ሳይታረም ሊታተም ወይም ሳትጠየቁ ሊለወጥ ይችላል፣ ሁለቱም ያማል።

ውሉን ቀስ ብላችሁ አንብቡ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በኋላም በአዋጅ ቁጥር 872/2007 የተሻሻለው፣ ለእናንተ የቆመ ሕግ ነው። መብቱ ታሪኩን ስትጽፉት ጀምሮ የእናንተ ነው፣ ማስመዝገብ ግዴታ አይደለም። ጥበቃው ደራሲው በሕይወት ባለበት ዘመን ሁሉና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። የኢኮኖሚ መብትን፣ ማለትም ሥራውን አባዝቶ የመሸጥ መብትን፣ ለሌላ ማስተላለፍ የሚቻለው በጽሑፍ ነው፤ የሞራል መብት የሚባለው ግን፣ ስማችሁ እንዲጠቀስና ሥራችሁ ክብራችሁን በሚነካ መንገድ እንዳይዛባ የመቃወም መብት፣ የኅትመቱን መብት ብትሰጡም ከእናንተ ጋር ይቀራል። ውሉ ላይ «ሙሉ መብቴን ለዘለቄታው» የሚል ሐረግ ካያችሁ ብዕሩን አስቀምጡ። ስንት ኮፒ፣ ስንተኛ ዕትም፣ ለስንት ዓመት፣ ትረካውስ፣ ፊልሙስ፣ ትርጉሙስ የሚሉት ተለያይተው ይጻፉ። ሀዋሳ ውስጥ ጠበቃ ሞልቷል፣ ለአንድ ሰዓት ምክር የምትከፍሉት ብር ከኅትመቱ አንጻር ኢምንት ነው።

አንድ ነገር በአጭሩ ልጨምር። «አሳታሚ ነን፣ መቶ ሺህ ብር ክፈሉና እናሳትምላችኋለን» የሚል ሰው አሳታሚ አይደለም፤ አገልግሎት ሻጭ ነው። አገልግሎት መሸጥ ነውር የለበትም፣ ግን ገንዘቡን እናንተ እየከፈላችሁ መብቱን እሱ እንዲወስድ አትፍቀዱ። የሥራውን ዝርዝር በየዋጋው አስጽፉ፦ አርትዖት ይህን ያህል፣ ሽፋን ይህን ያህል፣ ኅትመት ይህን ያህል። ዝርዝር የማይሰጥ ከሆነ ተዉት።

በራስ ማሳተም

አብዛኞቻችሁ የምትደርሱበት እዚህ ነው፣ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ላውራው።

ጥሩነቱ፣ ታሪኩ ላይ የመጨረሻው ቃል የእናንተ ነው። ያቺ የጻፋችኋት ወረቀት ሙሉ በሙሉ ትከበራለች። ክፋቱ፣ ቀስ በቀስ ታሪኩን በብር ማየት ትጀምራላችሁ። ምዕራፍ ሰባት የወንድማማቾቹ እርቅ መሆኑ ይቀርና «ሃያ ሁለት ገጽ» ይሆናል።

ምክንያቱን ላስረዳ። ኦፍሴት ማተሚያ ቤት፣ ብዙ ኮፒ በአንድ ጊዜ የሚያትመው፣ ዋጋ የሚያወጣው በፎርም ነው፤ ፎርም ማለት ታጥፎ ገጽ የሚሆን ትልቅ ወረቀት ነው፣ አንዱ ብዙውን ጊዜ 16 ገጽ ይወጣዋል። 224 ገጽ 14 ፎርም ይሆናል። መጽሐፉ 230 ገጽ ከወጣ ግን 15ኛ ፎርም ይከፈታል፣ ለስድስት ገጽ ብላችሁ የ16 ገጽ ትከፍላላችሁ። እዚህ ጋ የሚመጣው ፈተና ትዕይንት መቁረጥ ነው። አትቁረጡ! መጀመሪያ ገጽ ቀንባሪውን የፊደሉን መጠን ከ12 ወደ 11.5 ዝቅ አድርግልኝ በሉት፣ የመስመር ክፍተቱን ትንሽ ያጥብበው፣ ምዕራፍ ሁሉ በቀኝ ገጽ ይጀምር የሚለውን ልማድ ይተወው። ስድስት ገጽ ከዚህ ብቻ ይገኛል፣ ታሪካችሁም ሳይነካ ይተርፋል። ታሪኩ የሚቆረጠው ታሪኩ ሲጠይቅ ብቻ ነው፣ ያንንም ከአርታኢ ጋር ሆናችሁ ነው የምትወስኑት።

አርታኢና ፊደል ለቃሚ ይለያያሉ። አርታኢው «ይህ ሰውዬ ምዕራፍ ሦስት ላይ ሞቷል፣ ዘጠኝ ላይ ቡና ይጠጣል» ይላችኋል። ፊደል ለቃሚው ደግሞ አንዴ «ፀሐይ» ሌላ ጊዜ «ጸሀይ» ብላችሁ መጻፋችሁን ያያል። ሁለቱንም ያስፈልጋችኋል፣ ቅደም ተከተላቸውም ይከበር፤ ትዕይንቱ ገና በሚለወጥ ጽሑፍ ላይ ፊደል ማስለቀም ብር መጣል ነው። ስለ ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ስለ ሰ እና ሠ፣ ስለ ጸ እና ፀ ምርጫችሁን ቀድማችሁ ወስኑና ለሁለቱም በጽሑፍ ስጧቸው። የቱንም ብትመርጡ አንባቢ ይከተላችኋል፤ መዋዠቁን ግን ያስተውላል። እዚህ ላይ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚባለው ቃል በቃል ይደርሳል፣ ከታተመ በኋላ ፊደል አይለቀምምና።

አርታኢ ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ መሄድ ላያስፈልጋችሁ ይችላል። ከተማው ዩኒቨርሲቲ አለው፣ አማርኛ የሚያስተምሩና በትርፍ ሰዓታቸው የሚያርሙ መምህራን አሉ። ግን ከመስማማታችሁ በፊት አሥር ገጽ ሰጥታችሁ አስሞክሩ። ሲመልስላችሁ ሁለት ነገር ተመልከቱ፦ ያላያችሁትን ስህተት አገኘላችሁ ወይ፣ የእናንተስ ድምፅ አሁንም ይሰማል ወይ። ጎበዝ አርታኢ ካረመው በኋላ ጽሑፉ እናንተን ይበልጥ ይመስላል። አሥሩ ገጽ የመግለጫ አማርኛ ሆኖ ከተመለሰ ሰውየው ምንም ቢማር ለእናንተ አይሆንም።

የፋይል ነገርም አለ። ጽሑፉ በድሮው ፓወር ግዕዝ ወይም ቪዥዋል ግዕዝ ተጽፎ ከሆነ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት የተቀላቀለበት ትርምስ ይሆናል። የትኛውም ኮምፒውተር ወደሚያነበው ዩኒኮድ ሲቀየርም አንዳንድ ፊደል ይዘላል፣ ብዙ ጊዜ እንደ ቷ፣ ሟ፣ ኳ ያሉት። ስለዚህ ከተቀየረ በኋላ ሙሉውን አንብቡ፣ በናሙና አትርኩ። አራት ነጥቡም በሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ የተመታ ከሆነ መስመር መጨረሻ ላይ ለሁለት ይከፈላል፣ ግማሹ እዚህ ግማሹ እዚያ። ጽሕፈት ቤት የምታስጽፉ ከሆነ ገና ሲጀመር ንገሯቸው።

መለያ ቁጥሩን፣ አይኤስቢኤን የምንለውን፣ የሚሰጠው አዲስ አበባ ያለው የኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ነው፣ ብዙ ሰው ዛሬም ወመዘክር የሚለው። ብዙዎቹ የአገራችን መጻሕፍት ጀርባ ላይ 978-99944 ብሎ የሚጀምረው ቁጥር እሱ ነው። ሲታተምም ኮፒ ታስረክባላችሁ። ይህን የማተሚያ ቤቱን ዋጋ ለመጠየቅ በምትሄዱበት ጉዞ ጨርሱት።

ዋጋ ስትጠይቁ ፕሮፎርማው ለስንት ቀን እንደሚጸና እዩ። የማተሚያ ወረቀት በአብዛኛው ከውጭ ነው የሚገባው፣ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሬ ለውጥ ወዲህ ደግሞ አንድ ዋጋ ለወራት ይቆያል ብሎ ማቀድ አይቻልም። ብሩ ሙሉ ሳይሆን ፕሮፎርማ መሰብሰብ ዋጋ የለውም። ዋጋ ስታወዳድሩ የወረቀቱ ግራም፣ የሽፋኑ ውፍረትና ላሚኔሽኑ (ሽፋኑ ላይ የሚለጠፈው ስስ ፕላስቲክ) አንድ ዓይነት መሆኑን አረጋግጡ፣ አለበለዚያ 60 ግራም ከ80 ግራም ጋር እያወዳደራችሁ ረከሰ ትላላችሁ።

አሁን ሒሳቡን። ቁጥሮቹ ምሳሌ ናቸው፣ የእናንተን አስገቡበት። 1000 ኮፒ በ170 ብር ታተመ እንበል፣ 170,000 ብር ወጣ። የመጽሐፉ ዋጋ 400 ብር ነው። አከፋፋይ ከ30 እስከ 40 በመቶ መጠየቁ የተለመደ ነው፤ 35 በመቶ ብንይዝ 140 ብር የእሱ ነው፣ ለእናንተ 260 ይቀራል። በዚህ መንገድ ብቻ ከሸጣችሁ ያወጣችሁት ብር የሚመለሰው 654 ኮፒ ሲሸጥ ነው። ራሳችሁ በእጃችሁ በሙሉ ዋጋ ከሸጣችሁ ግን 425 ኮፒ ይበቃል። ልዩነቱን አያችሁት? እዚህ ጋ ነው ታሪካችሁን መውደዳችሁ ብር የሚሆነው። ሥራ ቦታ፣ ቤተ ዘመድ ጋ፣ የዩኒቨርሲቲው ዋና ግቢ በር ላይ፣ ፍቅር ሐይቅ ዳር ከሚቀመጡት ወጣቶች መሀል ቆማችሁ ስለ መጽሐፋችሁ ሳታፍሩ የምታወሩት የምትወዱት ከሆነ ብቻ ነው።

አከፋፋዩን ግን አትናቁት። ሀዋሳ ውስጥ 300 ኮፒ በእጅ መሸጥ ይቻላል፣ መቀሌ ወይም ጅማ ግን በእጃችሁ አትደርሱም። ለአከፋፋይ ስትሰጡ ስንት ኮፒ እንደወሰደ፣ መቼ እንደሚከፍል፣ ያልተሸጠው በማን ወጪ እንደሚመለስ በፊርማ ይሁን። «ሲሸጥ እንከፍላለን» የሚል የቃል ስምምነት ደራሲና መጽሐፉን የሚያቆራርጥ ትልቁ ነገር ይመስለኛል፤ ሰውየው ስልክ ማንሳት ሲያቆም የተቀየማችሁት ሰውየውን ነው፣ ግን ሁለተኛውን መጽሐፍ የማትጽፉት እናንተ ናችሁ።

ሌላም አማራጭ አለ፣ በዲጂታል ማተሚያ 50 ወይም 100 ኮፒ ማውጣት። በኮፒ ሲሰላ ይወደዳል፣ በጠቅላላ ግን ብሩ ጥቂት ነው። ሀዋሳ ውስጥ ባነርና ደረሰኝ ከሚያትሙት ቤቶች ይህን የሚሠሩ አሉ። ዋናው ጥንቃቄ ጥራዙ ላይ ነው። ከዚህ በፊት የጠረዙትን አንድ መጽሐፍ ስጡኝ በሉ፣ መሀሉን ገልጣችሁ ወደ ኋላ ጫን አድርጉት። ሙጫው ከተሰነጠቀ ገጹ አንባቢ እጅ ላይ ይረግፋል።

ስለ ምረቃ ደግሞ፦ አዳራሽ፣ ባነር፣ የክብር እንግዳ፣ ውኃና ቆሎ ተደምሮ ወጪው የመቶ ኮፒ ኅትመት ሊበላ ይችላል። የመጀመሪያ መጽሐፍ ከሆነ ትንሽ አድርጉት። አንድ ጥሩ አንባቢ ፈልጉና አምስት ገጽ ጮክ ብሎ ያንብብ። ንግግር ቢቀር ማንም አይከፋም።

በዚህ መንገድ ላይ ፍቅሩን የምትጠብቁበት አንድ ዘዴ፣ የደራሲውን ሥራና የአሳታሚውን ሥራ በቀን መለየት ነው። ለፕሮፎርማ በምትሯሯጡበት ሳምንት ረቂቁን አትንኩ። በምታርሙበት ሳምንት የወረቀት ዋጋ አትጠይቁ። ሩጫውን የሚያግዝ ወንድም ወይም ጓደኛ ካለ የማተሚያ ቤቱን ስልክ እሱ ያንሳው።

ቴሌግራም ላይ በተከታታይ ክፍል

ይህን መንገድ የሚንቁ አሉ፣ እኔ አልንቀውም። ወጪ የለውም፣ ከሀዋሳም ሆነ ከአዲስ አበባ እኩል ነው፣ አንባቢውም ያው አሁን ነው ያለው። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ክፍል አምስትን ለቅቃችሁ፣ ዲላ ያለች የማታውቋት ልጅ «እናቴን ነው የጻፍከው» ብላ ብትልክ፣ ያንን ስሜት የትኛውም አሳታሚ በዚያ ፍጥነት አይሰጣችሁም። ጀማሪ ጸሐፊ ታሪኬ ሰው ይነካል ብሎ እንዲያምን ይህ መንገድ ከሁሉም ይበልጣል።

ችግሩ የሚመጣው ታሪኩ ሳያልቅ መልቀቅ ሲጀመር ነው። አንባቢው «እባክህ እንዳትገድላት» ይላል። ሁለት መቶ ሰው ልብ ይልካል። ልትሞት የነበረችው ትተርፋለች። ቀጥሎ ያለው ክፍል ልብ ካነሰው ደግሞ የጠፋ መንታ ወንድም ይመጣል። በየክፍሉ መጨረሻ አንድ ነገር መፈንዳት ስላለበት ጸጥ ያለው ትዕይንት፣ አባትና ልጅ ሳይነጋገሩ አሣ የሚያጠምዱበት፣ ቦታ ያጣል። ሠላሳኛው ክፍል ላይ ስትደርሱ ታሪኩን ትወዱት እንደሆነ ራሱ አይታወቃችሁም፤ የምትወዱት ልቡን ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ሦስት ነገር። ታሪኩን ጨርሳችሁ ጀምሩ፣ ቢያንስ መጨረሻው ተጽፎ ይቀመጥ። መጽሐፍ ልታደርጉት ካሰባችሁ ሲሶውን ብቻ ልቀቁ፣ «ቀሪው በመጽሐፍ» ማለት ከመጀመሪያው ቢነገር አንባቢ አይቀየምም፤ መሀል ላይ ሲነገረው ነው የሚቀየመው። እያንዳንዱ ክፍል ላይ ደግሞ ስማችሁን ከጽሑፉ ውስጥ፣ መጀመሪያውና መጨረሻው ላይ አስገቡ፣ ምክንያቱም ጽሑፉ ተገልብጦ ወደ ሌላ ቻናል መሄዱ አይቀርም። ሕጉ እናንተን ቢደግፍም ቻናል ለቻናል እየተከተሉ መሟገት አቅም ይጨርሳል።

ፒዲኤፉን ደግሞ ለማንም አትላኩ። ለቅርብ ጓደኛም። ረቂቅ የምታስነብቡት ሰው ካለ ሀዋሳ ውስጥ ከሆነ ፕሪንት አድርጋችሁ ወረቀቱን ስጡት፣ አስተያየቱም ይሻላል፤ እስክሪብቶ ይዞ የሚያነብ ሰው ገጹ ጠርዝ ላይ «እዚህ ጋ ደከመኝ» ብሎ ይጽፍላችኋል።

አጭር ልቦለድ በጋዜጣና በጋራ መድብል

ትልቁ መጽሐፍ ዕዳ ከመሆኑ በፊት በትንሹ መሞከር ለሚፈልግ ይህ ጥሩ መነሻ ነው። እንደ አዲስ አድማስ ያሉ ለጥበብ ገጽ ያላቸው ጋዜጦች አሉ። ታሪኩ አጭር ስለሆነ መጠበቁም ልብ አይሰብርም፣ አንዱ ባይወጣ ሌላ ይላካል። የመጀመሪያ ሥራችሁን በጋዜጣ ታትሞ ማየት ደግሞ ረጅሙን ረቂቅ ወደ መጨረስ ይመልሳችኋል።

የጋራ መድብል ብዙ ጊዜ በመዋጮ ነው የሚታተመው። አሥር ሰው ያዋጣል፣ እያንዳንዱ ኮፒ ይደርሰዋል። ጥሩነቱ አብረው የሚጽፉ ሰዎች ታገኛላችሁ፣ ሀዋሳ ውስጥ ለብቻው ለሚጽፍ ሰው ይህ ከመጽሐፉ እኩል ዋጋ አለው። ግን ከማዋጣታችሁ በፊት ሌሎቹን ታሪኮች አንብቡ። ጎን ለጎን ልትታተሙበት የማትፈልጉት ከሆነ አትግቡ፣ ለይሉኝታ ብላችሁ የምትገቡበት መጽሐፍ በኋላ ለሰው የማታሳዩት ነው የሚሆነው። ያንኑ ታሪክ በኋላ በራሳችሁ መድብል ልታወጡት እንደምትችሉም አስጽፉ።

ትረካም አለ፣ በሬዲዮም በስልክ መተግበሪያም። እንደ መጀመሪያ መንገድ ሳይሆን እንደ ሁለተኛ ነው የማየው፣ ምክንያቱም ተራኪዎቹ የሚመርጡት ብዙውን ጊዜ ከታተመው ነው። ለራሳችሁ ጥቅም ግን ረቂቁን በስልካችሁ ራሳችሁ ቅዱትና አዳምጡት። ዓይን የለመደውን ስህተት ጆሮ ይይዘዋል፣ የሰለቻችሁ የመሰላችሁ ታሪክም በድምፅ ሲሰማ አዲስ ይሆናል።

እኔ ብሆን

ሀዋሳ ላለ፣ ደመወዝተኛ ለሆነ፣ የመጀመሪያ ልቦለዱን ለጨረሰ ሰው የምመክረው ይህን ነው። ሁለት ሦስት አጫጭር ታሪክ ለጋዜጣ ላኩ ወይም ቴሌግራም ላይ ልቀቁ። በዚያው ጊዜ ረጅሙን ለአርታኢ ስጡ፣ ከሁሉም በፊት ገንዘብ የሚወጣበት እሱ ይሁን። ከዚያ 100 ኮፒ በዲጂታል አውጡና በእጃችሁ ሽጡ። ያ ካለቀ ኦፍሴት ታስባላችሁ፣ ስህተቱንም አርማችሁ።

ብር ያለውና ጊዜ የሌለው በቀጥታ ኦፍሴት ቢሄድ አልቃወምም፣ አርትዖቱን እስካልዘለለ ድረስ። መጠበቅ የማይከብደው፣ ሌላ ረቂቅ በእጁ ያለው፣ አሳታሚ ይሞክር። አስተያየት በቶሎ የሚያናውጠው ሰው ከቴሌግራም ይራቅ፣ ቢያንስ መጽሐፉ እስኪወጣ። ተበድሮ 1000 ኮፒ ሊያሳትም ያሰበውን ግን አጥብቄ ነው የምለምነው፤ አይሁን። የዕዳው ቀን ሲደርስ መጽሐፉን በግማሽ ዋጋ ለመጽሐፍ አዟሪ መስጠት ይመጣል፣ ያን ጊዜ ሽፋኑን ማየት ራሱ ያስጠላል።

ኦፍሴት ያሳተማችሁ በርክክቡ ቀን ራሳችሁ ተገኙ፣ ካርቶኑ በአውቶቡስ ይላክልኝ አትበሉ። ከየካርቶኑ መሀል አንድ አንድ አውጡና የገጽ ቁጥሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቁጠሩ። አንዳንዴ አንድ ፎርም ሁለት ጊዜ ይገባል ወይም ይዘላል፣ ከገጽ 96 ቀጥታ 113 ይመጣል። ሽፋኑ የተገለበጠበትም ይኖራል። የተበላሸውን ለይታችሁ ቁጥሩን አስፈርሙ፣ ምትክ የሚሰጥበትን ቀን አስጽፉ፣ የመጨረሻውን ክፍያ ከዚያ በኋላ ፈጽሙ።